«ሙሉ የደም ምርመራ» ስለሚባለው ሥያሜ

በየጤና ተቋሙ «ሙሉ የደም ምርመራ» እየተባለ የሚታዘዘው ምርመራ ከሚሠራው ሥራ የሰፋ ስም ተሰጥቶታል። ምርመራው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያሉትን ቀይና ነጭ ሕዋሳት እንዲሁም ደም አርጊዎችን ይቈጥራል፤ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢንንም ይለካል። የስኳርን መጠን ግን አያሳይም፤ ኤች አይ ቪ መኖር አለመኖሩንም አይገልጥም። «ሙሉ» የሚለው ቅጽል በመጣበት ቋንቋ የሚገልጸው ቈጠራውን ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ «ቈጠራ» ቀርቶ «ምርመራ» ስለ ተተካ፣ ሙሉነቱ ወደ ደሙ ሁሉ ዞረ። «ሙሉ ምርመራው ደኅና ነው» የተባለ የደብረ ታቦር ገበሬ ስኳሩም አብሮ የታየለት ቢመስለው አይፈረድበትም። ድካሙ አልለቅ ሲለው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይወርድ ይሆናል እንጂ፣ ተመረመርሁ ብሎ ያመነውን ነገር እንደ ገና ለመመርመር አይመለስም።

ባለሙያዎች በፊደላቱ ብቻ «ሲቢሲ» ማለታቸው ከዚህ ይሻላል የሚል አይታጣም። እርግጥ ነው፣ «ሲቢሲ» አያሳስትም፤ ነገር ግን ምንም አይነግርም። በበኩላችን «የደም ሕዋሳት ቈጠራ» ቢባል እንመርጣለን። «ሕዋስ» ለአምስቱ የስሜት ሕዋሳትም የሚነገር ስለሆነ ይምታታል የሚሉ ቢኖሩም፣ «የደም» የሚለው ዘርፍ ይለየዋል።

ከዚህ የሚከብደው የ«ደም ማነስ» እና የ«ደም ብዛት» ጉዳይ ነው። አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው፣ ሁለቱ ቃላት በአቀራረጻቸው ተቃራኒ መስለው በፍቻቸው ግን ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን ነው። ደም ብዛት የግፊት ሕመም ነው፤ ደም ማነስ ግን የሄሞግሎቢን ጉድለት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ደም ብዛት ያለበት ሰው «ደም አንሶሃል» ሲባል «እንግዲያው ብዛቱ ለቀቀኝ» ብሎ የግፊት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ፣ ቃሉ ወደዚያ መርቶታል። «የደም ግፊት» የሚለው ሥያሜ ዛሬ ስለ ተለመደ፣ ጽሑፍ ሁሉ እርሱን ቢይዝ ግማሹ ችግር ይቃለላል። የሕዝቡን ቃል እናጥፋ ማለታችን አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም መዝግቦ ልዩነታቸውን በግልጽ ይጻፍ ነው የምንለው።

«ማነስ» ራሱ ጥያቄ አለበት፤ ማነስ ከምን? የዓለም የጤና ድርጅት በባሕር ወለል ለሚኖር ወንድ በዴሲ ሊትር 13 ግራም፣ ላልፀነሰች ሴት 12 ግራም፣ በእርግዝናዋ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሦስት ወራት ላለች ነፍሰ ጡር 11 ግራም መነሻ አድርጎ፣ ከፍታው ሲጨምር ልኩን ከፍ ያደርገዋል። ደብረ ታቦር ደግሞ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ ፍቺው «የደም መጠን መቀነስ» ብሎ ቢያቆም ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ የሚቀንሰው ሄሞግሎቢን ነው፤ ልኩም በጾታ፣ በዕድሜ፣ በእርግዝናና በከፍታ ይለያያል።

ከሥያሜዎቹ ሁሉ የተዋጣለት «ደም አርጊ» ነው። ወተት ረግቶ እርጎ ሲሆን ያየ ሁሉ «ረጋ» የሚለውን ግሥ ያውቀዋልና፣ ቍስል ላይ ደም የሚያረጋው ሕዋስ ሥራው በስሙ ውስጥ ይሰማል። ቀዩና ነጩ ሕዋስ ግን እስካሁን የሚጠሩት በቀለማቸው ነው።