ግራፍና ካርታ በእሪ በከንቱ ሲመዘኑ

የመልክዐ ምድር ተማሪ ቍጥርን በግራፍና በካርታ ማቅረቡ የተለመደ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚሸሽገው አለ።

በቆጠራ የተገኘው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976 ዓ. ም. 1,412,575፣ በ1987 ዓ. ም. 2,112,737፣ በ1999 ዓ. ም. 2,739,551 ነበረ። ግራፉ ይህን ዕድገት ባንድ አፍታ ያሳየናል። ሆኖም ሦስቱን ነጥቦች የሚያያይዘው መስመር በመካከሉ ያሉትን ዓመታት የተቆጠሩ ያስመስላቸዋል፤ ሰዉ በየትኛው ሠፈር እንደ በዛም አይነግረንም።

ካርታው ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ የሚወርደውን ቁልቁለት እንኳ በከፍታ መስመሮች ያመለክታል። ዳሩ ግን መላውን አራዳ ክፍለ ከተማ ባንድ የሕዝብ ጥግግት ቀለም ሲቀባው፣ ተጨናንቆ የሚኖረውንና ሰፊ ግቢ ያለውን እኩል ያደርጋል። ደግሞም ዘመን ያልፍበታል። በ2016 ዓ. ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በ1999ኙ ቆጠራ የተሠራ ካርታ ግን ነዋሪዎቹን ዛሬም እዚያው ያኖራቸዋል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ በግራፉ ላይ የተቆጠረው ከተገመተው ይለይ፤ በካርታው ላይ የቆጠራው ዓመት ይጻፍ፤ ተማሪውም ሠፈሩን በእግሩ ሄዶ ይመልከት። አለዚያ የነዋሪው አቤቱታ እንደ ሠፈሩ ስም እሪ በከንቱ ሆኖ ይቀራል።