ማሽን ችክችካ ሲለምድ

የሙዚቃ ሶፍትዌር ካልከለከሉት ያገኘውን ሁሉ ያቃናል። የዘገየውን ምት ወደፊት ይገፋል፤ የቀደመውን ወደኋላ ይጎትታል። ኳንታይዝ የምንለው ይሄ ነው። የአገር ቤት ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ጋር የሚያዋህድ አቀናባሪ ዋና ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ችክችካ የሚባለው የአገር ቤት ስልተ ምት ያንን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ 167 ያህል ይደርሰዋል። ከበሮ መቺው ግን በዚህ ስሌት አይገዛም፤ አንዳንዷን ምት ጥቂት ያዘገያታል። ትከሻ የሚያስነሣው ያ መዘግየት ነው። ሲቃና ቁጥሩ ያምራል፣ እስክስታው ይጠፋል።

የምሠራው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ክፍል ነው። ከምናለሽ ተራ የቀዳሁት የመዶሻ ድምፅ አለኝ፤ የሚመቱት ቆርቆሮ የሚያቀኑ ሰዎች ናቸው። መዶሻው ደጋግሞ ይወርድና ሰውየው ቆርቆሮውን ሲያገላብጥ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ ቆርጬ ብጥላት የቀረው ተራ ጫጫታ ነው። ስለዚህ መዶሻውን እንዳለ አስቀምጥና ቤዙም ሲንተሳይዘሩም እሱን ተከትለው እንዲገቡ አደርጋለሁ። ድምፁን እንደ ማሚቶ የሚመልሰውን ዲሌይም በጆሮዬ ነው የምለካው።

ሌላም መንገድ አለ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሄደው አሜሪካ የቀሩት ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ሸሞንሟናዬ» አልበም አኮርዲዮናቸውን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህደውታል። ድራም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ከላዩ ዜማውን እያስረዘመ ይንሳፈፋል። አድማጩን ይዞት ጭልጥ የሚለው ይሄ በሁለቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በኋላ ሚካኤል ሰይፉ በ«ዘላለም» (2016 እ.ኤ.አ.)፣ ሮፍናንም በ«ነጸብራቅ» (2010 ዓ.ም.) የአገር ቤቱን ድምፅና ኤሌክትሮኒኩን በየራሳቸው መንገድ አገናኝተዋል።

እኔ የያዝኩት ነገር ቢኖር፣ ከሁለቱ አንዱ መወዛወዝ አለበት የሚል ነው። ማሲንቆውንም ማሽኑንም ያቃና ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ጌጥ ብቻ ነው። ባለማሲንቆ ስቀዳ ጆሮው ላይ ሜትሮኖም አላደርግበትም። ተጫውቶ ሲጨርስ የሶፍትዌሩን መስመር ምት በምት በእሱ አካሄድ ላይ እዘረጋለሁ። ለአንድ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ በዋጋ ስንነጋገር ይሄን አስቀድሜ የምናገረውም ለዚህ ነው።