ከቀዘፋው በፊት ያለው ሥራ

አንቲታም ክሪክ ከፔንስልቬንያ ተነስቶ በሜሪላንድ በኩል ፖቶማክን የሚቀላቀል ትንሽ ወንዝ ነው። የእኛ ሰው ከበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፈጣን ውሃ ከ1 እስከ 6 በሚመደብበት መለኪያ አብዛኛው 1ኛ፣ ከበድ የሚለው 2ኛ ደረጃ ነው። በካያክ፣ በትንሽ የቀዘፋ ጀልባ፣ ለሚሄድ መካከለኛ ቀዛፊ ይመጥናል። ሰው የሚንቀውም እንዲህ ያለውን ወንዝ ነውና፣ ጎበዝ መሪ ያሰናዳውን ጉዞ እንደ ጥሩ ሸማ ጠጋ ብዬ ጥለቱን ማየት እወዳለሁ።

ሥራው ከዝናቡ ይጀምራል። ትንሽ ወንዝ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይጎድላል። አንቲታም የኖራ ድንጋይ አገር ምንጮች ስለሚመግቡት ከብዙዎቹ ይረጋል፤ ቢሆንም መሪው ሻርፕስበርግ አጠገብ ያለውን የውሃ መለኪያ ሳያይ ሰው አይጠራም። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃውም፤ ውሃው እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? እየጨመረ ያለ ውሃ ግንድ ይዞ ይመጣል። የወደቀ ዛፍ ደግሞ ከማዕበሉ የከፋ ነው፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰውን ግን እዚያው ያጣብቀዋል።

ከዚያ ካርታው አለ። እኔ በጣም የማደንቀው መቆሚያዎቹን ነው። ዴቪልስ ባክቦን ያለው ግድብ ዝቅ ያለ ቢሆንም ከሥሩ ውሃው ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ካያክ ተሸክሞ በእግር የሚታለፍበት ዳርቻ ቀድሞ ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ1836 የተሠራው ባለ3 ቅስት የበርንሳይድ ድልድይም አለ፤ መስከረም 1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ወታደር የወደቀበት። ለቀዛፊ የድልድይ ምሰሶ ግንድ የሚሰነቀርበት ቦታ ነው፤ መሪው የትኛው ቅስት ክፍት እንደሆነ ከላይ አይቶ ይመርጣል። ከጠመዝማዛው በፊት ደግሞ ከቋጥኝ ጀርባ ውሃ የሚያርፍበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ቡድኑ እዚያ ተሰብስቦ ቀጣዩን አይቶ ይወርዳል።

መኪናውን በአጭሩ ልለፈው፦ አንዱ መውጫው ላይ ቀድሞ ይቆማል፣ ደረቅ ልብስ ይጫንበታል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ገመዱ ግን ሊታለፍ አይገባም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ፣ ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚረዝም የመወርወሪያ ገመድ ነው። መሪው አይጠቀልለውም፤ የተጠቀለለ ገመድ ሲወረወር ይተበተባል። ከረጢቱን በሁለት ጣቱ ከፍቶ፣ ገመዱን በጣቶቹ መሃል እያንሸራተተ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠቀጥቀዋል። ጣቱ የላላ ወይም የተቆረጠ ክር ካገኘ እጁ ይቆማል። ጫፉን ከላይ ያስቀረዋል፤ በውርወራ ጊዜ እጁ ላይ የሚቀረው እሱ ነውና። ከረጢቱ ሲበር ገመዱ ከውስጡ እየተፈታ ይከተለዋል፤ በትክክል የወረወረ ሰው ገመዱን ከካያኩ ውሃ ውስጥ በወደቀው ዋናተኛ ደረት ላይ ያሳርፈዋል። ዋናተኛውም ገመዱን በእጁ ይዞ፣ በጀርባው ተንጋሎ ይጎተታል እንጂ ወገቡ ላይ አያስረውም፤ ይህንንም መሪው ማንም ካያክ ላይ ሳይቀመጥ፣ ዳር ላይ እያንዳንዱን እያሠራ ያሳያል።