ቤተ መንግሥት ቤተ መዘክር ሲሆን

መዘክር የሚለው ቃል ዘከረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ዘከረ ማለት አሰበ፥ አስታወሰ፥ ስም አንሥቶ ተናገረ ማለት ነው። ዝክር፥ ተዝካር፥ መዘክር የሚባሉት ሁሉ የዚህ ግሥ ልጆች ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ወንድማማች ናቸው። የአውሮፓ ሰዎች ሙዚየም የሚሉት ግን ከጽርእ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፥ የጥንት ግሪኮች የዜማና የኪነት ጠባቂዎች ናቸው ብለው ያመልኳቸው ለነበሩት ለሙሳት ማደሪያ የተሰጠ ስም ነው። እንግዲህ እነርሱ ቤቱን በኪነት ሰየሙት፤ እኛ ግን በማሰብ ሰየምነው። በተዝካር ቀን ካህኑ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሟቹን ስም ነው፤ ስሙ ሳይነገረው እንዲያው «አንድ ሰው» ብሎ አይጸልይም። ስለዚህ ቤተ መዘክር የሚባል ቤት ሁሉ ሊመዘን የሚገባው በውስጡ ባለው የዕቃ ብዛት ሳይሆን የሰውን ስም በማንሣቱ ነው። ዛሬ በዚህ ሚዛን የምንመዝነው በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመንጌ ሆነን ነው። መንጌ በቤኒ ሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን የሚገኝ የበርታ ሕዝብ አገር ነው፤ ሴቶቹ የወንዙን አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ያወጡበታል። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ሩቅ ነው። ነገር ግን ስለ ገነተ ልዑል ለመናገር የሚገባው የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም። ያ ቤት የቆመው የኢትዮጵያን ሕዝቦች ሁሉ ኑሮ ለማሳየት ስለ ሆነ፥ በጠረፍ ያለውም ሰው ገብቶ «እኔን የምታስቡኝ እንዴት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ መብት አለው። ከመንጌ ለትምህርት ወደ ዋና ከተማ የሚሄድ ልጅ አያቱ የያዘችውን የመሰለ ገበቴ በመስተዋት ውስጥ ቢያይ፥ በአያቱ ይከበር ይሆን ወይስ ያፍር ይሆን? ነገራችን ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

አስቀድመን ስለ ቤቱ ጥቂት እንናገር። ገነተ ልዑል ከኢጣልያ ወረራ በፊት የተሠራ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን የኢጣልያ እንደ ራሴ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። በዚያ ምክንያት በከተማው የፈሰሰውን ደም፥ በዚያው ዓመትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የወረደውን ግፍ አንባቢ ያውቀዋል። ፋሽስቶች ከቤቱ ፊት ለፊት ለገዙበት ዓመት ቍጥር አንድ አንድ ደረጃ እየጨመሩ ጠመዝማዛ መሰላል አቁመው ነበር፤ ዛሬ በመሰላሉ ጫፍ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ ጊዜ ራስ አበበ አረጋይ፥ ራስ ሥዩም መንገሻ፥ አባ ሐና ጅማና ሌሎችም መኳንንት በዚህ ቤት በአረንጓዴው አዳራሽ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተከፈተ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሹም እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፥ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው።

በፈረንሳይ አገር የሉቭር ቤተ መንግሥት በ1793 ቤተ መዘክር የሆነው ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ተነሥቶ ቤቱን ስለ ወረሰው ነው። የእኛው ግን በንጉሡ እጅ የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱም ፈተና አንድ ነው። ቤተ መንግሥት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ግድግዳው፥ ደረጃው፥ በሩ ሁሉ የጌታውን ስም ይጠራል። በዚህ ቤት ውስጥ የገበሬውንና የሸክላ ሠሪዋን ዕቃ የሚያስገባ ሰው ከቤቱ ድምፅ ጋራ መታገል ይኖርበታል።

ቤተ መዘክሩ በዚህ ትግል ያደረገውን መልካም ነገር ሳናመሰግን አናልፍም። ባየነው ጊዜ የሕዝቡ ዕቃ የተደረደረው በነገድ ተከፍሎ፥ ወይም በጌታና በሎሌ ተለይቶ አልነበረም። ሥርዐቱ የሰው ዕድሜ ነው፤ አስቀድሞ ልደትና ልጅነት፥ ቀጥሎ ጕልማሳነትና ሥራ፥ በመጨረሻም ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ነገር ይታያል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ጥበብ ነው። የደጋው ልጅና የቆላው ልጅ በአንድ ክፍል ይወለዳሉ፤ የሰሜኑ ሽማግሌና የደቡቡ ሽማግሌ በአንድ ክፍል ይቀበራሉ። ማንም ከማንም ፊት አልተቀመጠም። ቤተ ክርስቲያንም ልጆቿን የምትቀበለውና የምትሸኘው ከክርስትና እስከ ፍትሐት በዚሁ የዕድሜ ሥርዐት ስለ ሆነ፥ ይህን ያሰበው ሰው አእምሮው የቀና ነው እንላለን። ንጉሡም ባሪያውም በአንድ በር እንደሚገቡና በአንድ በር እንደሚወጡ በቤተ መንግሥት ውስጥ ማስተማር ትልቅ ስብከት ነው።

ነቀፋችን ሁለት ነው። የመጀመሪያው እነሆ። በቤቱ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደ ነበረ ተጠብቋል፤ በመስተዋቱ ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ ይታያል። ይህ መጠበቁ አይነቀፍም፤ ታሪክ ነውና። ነገር ግን ተመልካቹን አስተውለነዋል። በወፍጮውና በሸክላው ፊት በችኰላ ያልፋል፤ ወደ አልጋው ሲደርስ ግን ቆሞ ይቈያል፤ ሲወጣም ለጓደኛው የሚነግረው ስለ አልጋው ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ እጅግ አምሮ ወርቁን ሲሸፍን መምህሩ ተማሪውን «ሰምህ ወርቅህን ዋጠው» ብሎ ይመልሰዋል። እዚህም ቤቱ ሰም፥ የሕዝቡ ሥራ ወርቅ ነው፤ ሰሙም ወርቁን ሊውጥ ደርሷል። መድኃኒቱ አልጋውን መሸሸግ አይደለም፤ ከዕድሜው ሥርዐት ጋራ ማስማማት ነው። የንጉሡ አልጋም የአንድ ሰው አልጋ መሆኑን፥ በተራው ሰው የተተረከው ሞት ወደዚህም ቤት መግባቱን የሚናገር ቃል በደጃፉ ቢጻፍ፥ አልጋውና የሕዝቡ ዕቃ አንድ መጽሐፍ በሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ነቀፋችን ይከብዳል፤ ስለ ስም ነውና። ካየናቸው ዕቃዎች አጠገብ የተጻፈው በአብዛኛው የሕዝቡን ስምና የዕቃውን ጥቅም የሚናገር ነው። የሠራው እጅ ግን አይታወቅም። «የእንዲህ ያለ ነገድ ቅርጫት» ይላል፤ ነገድ ግን ቅርጫት አይሰፋም። ቅርጫት የምትሰፋ አንዲት ሴት ናት፤ ያቺም ሴት እናቷ ያወጣችላት ስም አላት። በመኝታ ቤቱ የሚታየው አልጋ የማን እንደ ነበረ ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ ወፍጮው የማን እንደ ነበረ ግን የሚያውቅ የለም። ሥርዐቱ እኩል ያደረጋቸውን ጽሕፈቱ መልሶ ለያያቸው።

ለዚህ ከባሕር ማዶ መምህር መፈለግ አያሻንም። በገዳማችንና በአድባራችን ከጥንት ጀምሮ ዕቃ ቤት አለ፤ መስቀሉ፥ ጽናው፥ መጻሕፍቱ፥ ልብሰ ተክህኖው በገበዝ እጅ ይጠበቃል። የወርቅ ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይም የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት፥ ርስቱም ሳይቀር፥ ማን እንደ ሰጠው፥ በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ሰጠው ይመዘገባል፤ የሚሰርቀውም ይወገዛል። ይህ መዝገብ ዕቃውን ከሰጪው ስም ሳይለይ ያኖረዋል። «የእናንተ ሠዓሊዎችስ መቼ ስማቸውን ጻፉ?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አልጻፉም። ነገር ግን ያሣለው ሰው ከእመቤታችን እግር በታች ወድቆ ስሙ ተጽፎ ይታያል፤ ሠዓሊው ስሙን የሸሸገው በገዛ ፈቃዱ፥ ስለ ትሕትና ነው። ሰው ራሱ የሸሸገው ስምና ሌላ ሰው ሳይጠይቅ የተወው ስም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምናኔ ነው፤ ሁለተኛው ቸልታ ነው።

በዚሁ ቤት ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና መስቀሎችም በዚህ ነገር ይገባሉ። ሥዕል ማደሪያው ቤተ መቅደስ ነው፤ መጋረጃ ይጋረድለታል፥ ዕጣን ይታጠንለታል፥ ምእመኑም ይሳለመዋል። በመስተዋት ውስጥ ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ቢሆንም ሰብሳቢዎቹን አናማቸውም። በመቅደላ በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር የወሰደው ንዋየ ቅድሳት እስከ ዛሬ አብዛኛው በባዕድ አገር እንዳለ እያወቅን፥ በአገር የቀረውን በአገር ያቈዩትን እንወቅስ ዘንድ አይገባንም። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከየትኛው ደብር እንደ መጣ የታወቀው ሥዕል ሁሉ የደብሩ ስም በግልጽ ይጻፍለት። ስሙ ያለበት ሥዕል እንግዳ ነው፤ ስሙ የጠፋበት ግን ምርኮኛ ነው።

ወደ መንጌ እንመለስ። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ የዜማ ዕቃ አለው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ስለ ሆነ፥ የቅኔ ተማሪ ቃሉን ቢሰማ ኅብር አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። የበርታው ዋዛ ግን ዋዛ አይደለም። ከቅል ቍራጭ እየተገጣጠመ የሚሠራ መለከት ሲሆን፥ ትልቁም ትንሹም እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ዜማ የሚገኘው ነፊዎቹ ተሰልፈው፥ እያንዳንዱ በጊዜው የራሱን ድምፅ ሲያስገባ ነው። አንዱ ቢጐድል ዜማው ይጐድላል። እንግዲህ አንዱን ዋዛ ለብቻው ለይቶ በመስተዋት ውስጥ ማኖር፥ ከፊደል ገበታ አንዲት ፊደል ቀድዶ «መጽሐፉ ይህ ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ዋዛን የሚዘክር ቤት መለከቶቹን ሁሉ በሥርዐታቸው ማቆም፥ ዜማውን በድምፅ መቅረጫ ማሰማት፥ የነፊዎቹንም ስምና መንደር መጻፍ ይገባዋል። «የጥንቱ ሰው ስም ከወዴት ይገኛል?» ይባል ይሆናል። የጥንቱ ባይገኝ የዛሬው አለ፤ ቅሉን የሚገጣጥም ሰው ዛሬም በሕይወት ነው፤ ቢጠየቅ ስሙን ይናገራል።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ሐረር ትመሰክራለች። በዚያ ከተማ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው የቀድሞ መኖሪያ ውስጥ ያለው ቤተ መዘክር መነሻው የአንድ የከተማው ተወላጅ፥ የአብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ስብስብ ነው። እርሳቸው የገዛ ወገናቸውን ቅርስ በራሳቸው መኖሪያ መሰብሰብ ጀመሩ፤ መሳፍንት ያረፉበት ቤት ኋላ ተሰጣቸው። ከውስጥ የተነሣ ሰብሳቢ ከሰጪው ጋራ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ዕቃውንም ከነወሬው ይቀበላል።

ቤኒ ሻንጉልም በአዲስ አበባ ስም ያለው ቤት አለው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም ዘምተው አገሩን ለዐፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ፥ የአሶሳው ባላባት ሼኽ ሖጀሌ አልሐሰን ለመንግሥቱ የወርቅ ግብር ይልኩ ነበር፤ በከተማውም ሰሜን ምዕራብ ቤት ሠሩ። ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፤ ነገር ግን በሰው አፍ ሲመላለስ «ሼኽ ሖጀሌ» ተሸራርፎ «ሸጎሌ» ሆነ። ዛሬ በሸጎሌ የሚያልፍ ስንት ሰው ነው የሰው ስም እንደ ጠራ የሚያውቀው? በዚያ ቤት ውስጥ የቤኒ ሻንጉል ዕቃ ተሰብስቦ ቢታይ ስለ ሼኹ ክብር ብቻ እንዲናገር አንፈልግም። ከአገሩ የወጣው ወርቅ ብቻ አልነበረምና። ሰውም እየተሸጠ ይወጣ ነበር፤ የሼኹም ቤት በዚያ ንግድ እጁ እንደ ነበረበት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የባሪያን ነገር የሚከለክል ሕግ በ1916 ዓ.ም ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት የሼኹ ስም በአንድ ግድግዳ ቢጻፍ፥ በሌላው ግድግዳ ስማቸው ሳይጻፍ በገበያ ያለፉት ሊታሰቡ ይገባል። ስማቸው ባይገኝ እንኳ ባዶ ሰሌዳ ይቁምላቸው፤ ባዶነቱ ራሱ ይመስክር።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ገነተ ልዑል ሰውን ሁሉ በአንድ የዕድሜ ሥርዐት በማኖሩ የሌላው ቤተ መዘክር ሁሉ አርአያ ሊሆን ይገባዋል፤ በስም ጉዳይ ግን ዕዳ አለበት። ዕዳውም የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም፤ ከዕቃው ጋራ ወደ ዕቃው አገር በመሄድ፥ በሠሪው ቋንቋ በመጠየቅና በመጻፍ ነው። ከመንጌ የሚሄደው ልጅ በመስተዋቱ አጠገብ ቆሞ የበርታን ስም ብቻ ሳይሆን የአንዲት የመንጌ ሴት ስም፥ ዕቃውም በአያቱ ቋንቋ የሚጠራበትን ቃል ያነበበ ቀን፥ ያ ቤት ቤተ መንግሥትነቱ ቀርቶ በእውነት ቤተ መዘክር ይሆናል። ስምን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ለዚህ ሥራ የሚተጉትን ያጽናልን።