ጥፋቱ የአምፖሉ አልነበረም

ደብረ ብርሃን ያሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቁልፉን እንኳ ሳይቀበሉን መጀመሪያ የጠየቁን ደጋግመው የተቃጠሉብንን የፊት መብራት አምፖሎች ነው። ባለቤቴ ከክሩስኮቱ ኪስ አውጥታ ሰጠቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሄድንበት ጋራዥ ሁሉ አሮጌውን አውልቆ አዲሱን ይሰካልን ነበር፤ እሷ ግን “ይህን ያህል ገንዘብ የበላ ነገር ዝም ብሎ አይጣልም” ብላ ታስቀምጣቸው ነበር። ባለሙያው ኮፋኖው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተው ደረደሯቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሱ፣ እያገላበጡ አዩአቸው።

አምፖል እንዴት እንደተቃጠለ ምልክቱን ይዞ ይቀራል። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ብዙውን ጊዜ የመንገድ መንቀጥቀጥ ነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት ከለበሰ አየር ገብቶበታል። መስታወቱ አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ሲሰካ ቅባት ያለው ጣት ነክቶታል፤ ቅባቱ ያረፈበት ከሌላው ቦታ ይልቅ ይግላልና። የእኛዎቹ ግን መስታወታቸው ከውስጥ ጠቁሮ ነበር፤ የክሮቻቸውም ጫፍ ቀልጦ እንደ መርፌ ራስ ተድቦልቡሏል።

“እነዚህን መንገዱ አልገደላቸውም” አሉ ጋሼ በመጨረሻ። “ኃይል በዝቶባቸው ነው።”

ገና ቴስተር አላወጡም፣ ኮፋኖውንም አልከፈቱም። እኔ ሥራቸውን መውደድ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

መብራት ለአንኮበር መንገድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሚነዳበት ሰው ነው። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ጎረቤላ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ደጋው ላይ የገብስ ማሳ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ መንገዱ ገር ነው። ወደ አንኮበር ሲቃረቡ ግን ምድሩ ወደ ምሥራቅ ይቆረጥና ታች ቆላው ይታያል፤ ከዚያ ገደል ጉም ሲነሣ ፊት ለፊት ያለው ኩርባ ከዓይን ይጠፋል። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ጉዳት ነው። የጉሙ ጠብታ ብርሃኑን ወደ ነጂው ይመልሰዋል፣ ከፊት የሚቆመውም ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። የሚያዋጣው አጭሩ መብራት ነው፤ እሱም ዝቅ ብሎ አስፋልቱንና የመንገዱን ጠርዝ የሚጠርግ፣ ወደ ላይ የማይረጭ ከሆነ ነው። የእኛ መኪና ላይ ደጋግሞ የሚቃጠለው ይኸው አጭሩ ነበር፤ ቀን ከሌት የምንገለገልበት እሱ ስለሆነ።

አምፖሉ ራሱ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ጥበብ አለው። ኤች ፎር የሚባለው ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣ ሲሆን፣ ከአውራ ጣት በማይበልጥ መስታወት ውስጥ ሁለት የተንግስተን ክሮች ይዟል፤ ለረጅሙ 60 ዋት፣ ለአጭሩ 55 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር አንዲት ጎድጓዳ ብረት ተተክላለች። ሥራዋ ብርሃኑ ከኋላው ወዳለው አንጸባራቂ መስታወት የታችኛው ግማሽ እንዳይሄድ መከልከል ነው፤ እዚያ ቢደርስ ወደ ላይ ይነጥርና የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታ ነበር። ውስጡ የታሸገው ሃሎጅን ደግሞ ከክሩ በሙቀት የተነነውን ተንግስተን እየያዘ መልሶ ወደ ክሩ ያመጣዋል። አምፖሉ ራሱን እየጠገነ ይነድዳል ማለት ነው፤ ኃይሉ ከልኩ እስካላለፈ ድረስ። ቮልቱ 5 በመቶ ከጨመረ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። 10 በመቶ ከጨመረ ሲሶ ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሼ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሲያሳርፉ 15.4 ቮልት አነበበ፤ ደህና መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል ይሆናል። እዚህ ላይ የማውቀው ጋራዥ ሁሉ “ዲናሞው ተበላሽቷል፣ ይቀየር” ባለ ነበር፤ ዲናሞ ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን ቴስተሩን ይዘው ወደ ዲናሞው ጎንበስ አሉና ከሶኬቱ ጀርባ ቀጭን መርፌ አስገብተው እንደገና ለኩ። 14.2። ቀና ብለው ቁጥሩን አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባትሪው ወደ ዲናሞው ሬጉሌተር የምትሄድ አንዲት ቀጭን ገመድ አለች። ኃይል አትሸከምም፤ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ እንዳለ ለሬጉሌተሩ ትነግረዋለች። የእኛ ገመድ ግን መሐል ላይ ኮንታክት እያጣች ያለውን አሳንሳ ትናገራለች። ባትሪው 15.4 ላይ ሆኖ ሳለ ሬጉሌተሩ የሚሰማው 14.2 ነው፤ ስለዚህ በቂ ነው ብሎ አይቀንስም። ዲናሞው የታዘዘውን በትክክል ይሠራ ነበር። የተሳሳተው የደረሰው ወሬ ነው።

ቦታውን ያገኙት በጣታቸው ነው። ገመዶቹ ከባትሪው ሥር በናስትሮ ተጠቅልለው በሚያልፉበት እየዳበሱ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ። ናስትሮውን ሲፈቱት ቀደም ሲል አንድ ሰው ቆርጦ፣ በእጁ ጠምዝዞ የቀጠላት ገመድ ወጣች። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ የባትሪው አሲድና የክረምቱ እርጥበት በልቶታል።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ረጋ ብዬ ልናገር፤ ጣት በምታህል ቦታ ላይ የተሠራ፣ ዓይን ላለው የሚታይ ሥራ ነውና። አረንጓዴው የታየበትን ብቻ ቆርጠው አልተዉትም። ዝገቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ስለሚሄድ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ወደ ኋላ ላጡት። ያጠረውን በዚያው ውፍረት ባለ አዲስ ገመድ ሞሉ። ከመቀጠላቸው በፊት ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ አጠለቁበት፤ ይህን ረስቶ ቀጥሎ እንደገና የሚፈታ ብዙ ነው። የሁለቱን ጫፍ ክሮች በተኑና አንዱን በሌላው ውስጥ አሳልፈው ወደየአቅጣጫው ጠመጠሙ፤ ሲነኩት ከሊዱ በፊት እንኳ አይላቀቅም። መበየጃውን ከሥር አስደግፈው ሊዱን ከላይ ነኩ፤ ሊዱ የቀለጠው በመበየጃው ሳይሆን በጋለው መዳብ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ጠልቆ ገባ። ላዩ ላይ የተንጠለጠለ ጉብታ የለም፤ የእያንዳንዱ ክር ቅርጽ ከሊዱ ሥር ይታያል። ቱቦውን አሙቀው ካጣበቁ በኋላ ግራና ቀኙን ከወፍራሙ ገመድ ጋር አሰሩት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “ሊድ የነካው ቦታ ይደርቃል፤ ከተወዛወዘ ከዳሩ ላይ ይበጠሳል” አሉኝ።

በድጋሚ ሲለኩ ባትሪው ላይም ሬጉሌተሩ ላይም 14.2 ሆነ።

እዚህ ቢያበቁ እንኳ ደስ ብሎን በሄድን ነበር። እሳቸው ግን የቀኙን መብራት ሶኬት ነቅለው አዩ፤ በሙቀት ቡናማ ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ብረት ላልቷል። ያንን ቀየሩ። ከዚያ “ስትሄዱ ከኋላ ምን ትጭናላችሁ?” ብለው ባለቤቴን ጠየቋት። ለእናቷ የምትወስደውን ዘረዘረች፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር። ከጋራዡ ሁለት ከባድ ጆንያ አስመጥተው ኋላ ጫኑ፣ እሷንም መሪው ላይ አስቀመጡ። ኋላው ሲከብድ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ ይነሣል፤ ባዶ መኪና ላይ የተስተካከለ መብራት ተጭኖ ሲሄድ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ማምሻውን መኪናዋን ከግንብ 10 ሜትር አራቁ፣ የመብራቱን ከፍታ ግንቡ ላይ በጠመኔ አሰመሩ፣ የብርሃኑንም ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው አጠበቁት። ጠርዙ ግራው ላይ ቀጥ ብሎ ቀኙ ላይ ትንሽ መነሣት አለበት፤ ለእግረኛና ለመንገድ ዳር። ግራ ይዞ ከሚነዳበት አገር የመጣ መብራት ግን የሚነሣው በተቃራኒው፣ በሚመጣው መኪና በኩል ስለሆነ ምንም ብሎን ቢዞር አይስተካከልም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ችግሩን በትልቅ ዋት አምፖል ወይም ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ በመሰካት የሚፈታው ሰው ብዙ ነው፤ እኛንም ደጋግመው መክረውናል። ያቺ ጎድጓዳ ብረትና ያ አንጸባራቂ መስታወት የተሰሉት ለአንድ ዓይነት ክር፣ ለአንድ ቦታ ነው። ሌላ ነገር ሲገባበት ብርሃኑ ይበዛል፣ መንገዱ ግን አይታይም፤ በአንኮበር ጉም ውስጥ ደግሞ ነጂውንም ሌላውንም ያሳውራል።

የእጅ ሙያ በዚህ አገር ክብር ለማግኘት ብዙ ጠብቋል። ወጣቱ ምኒልክ ሸዋን ሲገዙ ከመዲናዎቻቸው አንዷ አንኮበር ነበረች፤ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1871 ዓ.ም. ለአገልግሎት የመጣው ወደዚያው ነው። ኋላ በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አወጁ። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። እንዲህ ያሉት እጆች የሚያስፈልጉን ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው።

ሒሳብ ስንጠይቅ ጋሼ የሶኬቱን ዋጋና ትንሽ የእጅ ዋጋ ነገሩን። አምፖሎቹን ያነበቡበት፣ ሁለት ቦታ ለክተው ልዩነቱን ያገኙበት፣ ገመዱን የዳበሱበት ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ባለቤቴ ለዲናሞ ልንከፍል ከነበረው ላይ አስልታ ጨመረችላቸው። “በዝቷል፣ ልጄ” ብለው ሊመልሱ ሲሉ፣ እሷ “የጨመርኩት ለገመዱ አይደለም፣ ላገኙት ነው” አለቻቸው። ጋራዦቻችን ደረሰኝ ላይ የዕቃና የእጅ ዋጋ የሚል መስመር አላቸው። ብልሽቱን ፈልጎ ለማግኘት የሚከፈል ሦስተኛ መስመር ቢጨመርበት እኔ ያለ ክርክር እከፍላለሁ።