ምስሉን የረገጡት

በገድልና በስንክሳር ላደግን አንባቢዎች ሰማዕት ማለት የማይናወጥ ሰው ነው። ንጉሡ ያስፈራራል፣ ሰማዕቱ ይመልሳል፤ እሳቱ ይነድዳል፣ ሰማዕቱ ያመሰግናል፤ በመጨረሻም ሰይፉ ሲወርድ አክሊሉ አብሮ ይወርዳል። እዚያው አደባባይ ቆሞ እሳቱን ሲያይ ጉልበቱ የከዳው፣ «እሺ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የገባው ሰውስ? ገድሉ ስለ እርሱ የሚለው ብዙ የለውም። ጃፓናዊው ደራሲ ሹሳኩ ኤንዶ «ዝምታ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ብዕሩን ያነሣው ለዚህ ሰው ነው።

መጽሐፉ የታተመው በ1966 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1969 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዊሊያም ጆንስተን አየርላንዳዊ የጀስዊት ካህን ነበር። በ2016 ደግሞ ማርቲን ስኮርሲዚ ፊልም ሠርቶበታል።

ታሪኩ የቆመበት መሬት እውነተኛ ነው። ፍራንሲስ ዛቪየር በ1549 ካጎሺማ ከደረሰ በኋላ ክርስትና በጃፓን ተስፋፋ። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ሰዎች ተሰቀሉ፤ በ1614 ሃይማኖቱ በመላ አገሪቱ ታገደ። ውሎ አድሮ ግን ባለሥልጣኖቹ የሞተ ሰማዕት ሌላውን እንደሚያጸና ተረዱ፤ ስለዚህ ከመግደል ይልቅ ማስካድን መረጡ። የክርስቶስ ወይም የእመቤታችን ምስል ያለበት ሰሌዳ መሬት ላይ ይደረግና ተጠርጣሪው በእግሩ እንዲረግጠው ይታዘዛል። ካህናቱንም ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል ዘቅዝቀው ይሰቅሏቸዋል። ክሪስቶቫዎ ፌሬራ የተባለው የተከበረ ፖርቱጋላዊ ጀስዊት በ1633 የካደው በዚህ ጉድጓድ ነው።

ያ ዘመን ለእኛም ባዳ አይደለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1632፣ የካቶሊክን እምነት በአገሩ ላይ ለመጫን ሲሞክሩ ብዙ ደም የፈሰሰባቸው ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም የእነ ፌሬራን ማኅበር ሚስዮናውያን ከአገር አስወጡ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው አንባቢ የልብ ወለዱን ወጣት ካህን ሮድሪጌዝን የሚከተለው በሁለት ልብ ነው። ለተሳዳጁ ያዝናል፤ ዳኛው ኢኖዌ ይህ የባሕር ማዶ እምነት በጃፓን አፈር ሥር አይሰድም ብሎ ሲከራከር ግን ክርክሩን ከዚህ ቀደም የሰማው ይመስለዋል።

ሮድሪጌዝ ጃፓን የሚገባው መምህሩ ፌሬራ ካደ መባሉን ማመን አቅቶት ነው። ለመሞት ተዘጋጅቷል። ያልተዘጋጀው ሌሎች በእርሱ ምክንያት ሲሞቱ ለማየት ነው። ሞኪቺና ኢቺዞ የተባሉ መንደርተኞች ባሕር ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ታስረው ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል፤ ሰማዩ ዝም ይላል። በመጨረሻዋ ሌሊት፣ በእስር ቤቱ ጨለማ፣ የዘበኛ ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ካህኑን ያናድደዋል። ለካስ በጉድጓዱ የተሰቀሉ ምእመናን የሲቃ ድምፅ ኖሯል። እነርሱ ቀድሞውኑ ክደዋል፤ የሚፈቱት ግን ካህኑ ምስሉን ሲረግጥ ብቻ ነው። እርሱ በጸና ቁጥር የሚሠቃየው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ስለ ስደት ካነበብኳቸው ገጾች እንደዚህች ሌሊት ያስጨነቀኝ የለም።

የመጽሐፉ ልብ ግን ለእኔ ኪቺጂሮ ነው። ሰካራም ነው፣ ፈሪ ነው፤ ወንድምና እህቶቹ በእሳት ሲሞቱ እርሱ ምስሉን ረግጦ አምልጧል። ካህኑን ለብር አሳልፎ ይሰጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ዝናብ እየደበደበው ወደ እስር ቤቱ መጥቶ ንስሐ ተቀበለኝ ብሎ ይጮኻል። አቤቱታው አንድ ነው፦ በሰላሙ ጊዜ ቢወለድ ኖሮ እርሱም ደግ ክርስቲያን ሆኖ ይሞት ነበር። ምን ተብሎ ይመለስለታል? በአገራችን በደርግ ዘመን፣ በ1979፣ አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገድለዋል፤ ስማቸው በክብር ይነሣል፣ ይገባቸዋልም። በዚያው ዘመን ቀን ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሲያሰማ ውሎ ማታ ጓዳው ውስጥ ስላለቀሰው ሰው ግን ማን ጻፈ?

ኤንዶ ትረካውን የሚያዋቅርበት መንገድ ሳይጮኽ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሮድሪጌዝ ደብዳቤዎች ናቸው፤ የሚናገረው «እኔ» ነው። ሲያዝ «እርሱ» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ደረቅ የጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ የጃፓን ስም የተሰጠው አንድ ግዞተኛ ሆኖ ይቀራል። ስኮርሲዚ ይህን ድርቀት አልቻለውም መሰለኝ፤ በአስከሬኑ እጅ ትንሽ መስቀል አስይዞ ያጽናናናል። መጽሐፉ እንዲህ ያለ ማጽናኛ የለውም።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። ካህኑ እግሩን ሲያነሣ ምስሉ ተናግሮ እንዲረግጥ ይፈቅድለታል። በወጣበት ጊዜ ብዙ የጃፓን ካቶሊኮች መጽሐፉን የተቃወሙት ክህደትን ይባርካል ብለው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን የድርሰቱ ጉዳይ ነው። ይህን ያህል ገጽ ዝምታውን ከተሸከምን በኋላ ደራሲው ለምን ቸኮለ? ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ዶሮ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ጴጥሮስን የማያውቅ አንባቢ የለም።

ሆኖም ታሪክ ለኤንዶ ይመሰክርለታል። በ1865 የኡራካሚ ገበሬዎች ናጋሳኪ በተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ፈረንሳዊውን ካህን ፔቲዣንን ቀርበው እምነታቸው ከእርሱ ጋር አንድ መሆኑን በሹክሹክታ ነገሩት። ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን ጥምቀቱንና ጸሎቱን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። አያቶቻቸው ምስሉን እየረገጡ ቤታቸው ገብተው የንስሐ ጸሎት ያደርሱ ነበር። ጸንተው የሞቱት ስማቸውን አወረሱ፤ ጥምቀቱን ያሻገሩት ግን የረገጡት ናቸው። እነዚሁ የኡራካሚ ሰዎች ከ1867 ጀምሮ እንደገና ተሳደዱ። ከ3,000 በላይ ተጋዙ፣ ከ600 በላይ በግዞት ሞቱ፤ በዚህኛው ጊዜ አንክድም ያሉት ብዙ ነበሩ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው። ኤንዶ ወደ ኡራካሚ ታሪክ በ1980ዎቹ በሌላ ልብ ወለድ ተመልሶበታል፤ «ዝምታ»ን የጨረሰ ሰው ያንን ፈልጎ ቢያነብ አይቆጨውም።