«እዩልኝ፣ ስሙልኝ»፦ የማየት ኃላፊነት በቴፒ

በአማርኛ «መሰከረ» ሲባል «ለማን?» ወይም «በማን ላይ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ መልሱም ከግሡ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፦ መሰከረልኝ፣ መሰከረብኝ። «ተመለከተ» እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም። የኳስ ተመልካች ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማንም አይጠይቀውም። «ታዘበ» በሁለቱ መካከል ነው። ታዛቢ ምንም ሳይናገር ያያል፣ ዝምታው ግን ፍርድ አለበት፤ «ታዘብኩህ» የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ስለ አዲስ ክልል ምሥረታ ድምፅ ሲሰጡ በምርጫ ጣቢያ የተቀመጠውም «ታዛቢ» ተብሏል። ገለልተኛ ሆኖ እንዲያይ የተመደበው ሰው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው።

ምስክር ከተመልካች የሚወለድበትን ቅጽበት ለማየት የቡና ወቅት ይበቃል። ቀይ ቡና ደርሶ ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ሲያወጣ፣ አጠገቡ ተራ የሚጠብቀውን ጎረቤት «እስቲ እይልኝ» ይለዋል። ጎረቤትየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቁጥሩን ያነባል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ በኪሎው ላይ ክርክር ቢነሣ እሱ እማኝ ነው። ማንም አላስማለውም፣ ጥሪው ብቻ ሾሞታል። ግፍ የደረሰበት ሰው በመንገድ ላይ «እዩልኝ፣ ስሙልኝ» ብሎ ሲጮህም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አላፊ አግዳሚውን ያየውን የመናገር ዕዳ ያስገባዋል። ባህላችን ይህን ዕዳ በጋራ የሚያስከፍልበት ሥርዓትም ነበረው። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በመሐላ ይጠየቅ ነበር፤ ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሣው በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ከባድ ሥርዓት ነበር፣ ንጹሕ ሰውንም ይበድላል። መነሻ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ በሰው መካከል የተደረገን ነገር ያላየ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575 ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶት የሄደን ይቀጣል።

ይህ ሁሉ በደቡብ ምዕራቧ ከተማ በቴፒ የተፈተነው በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ነው። የሸኮና የመዠንገር ሕዝቦች በየኪ ወረዳና በከተማዋ አስተዳደር ላይ ካነሡት ጥያቄ ጋር በተያያዘ በቴፒና በዙሪያዋ ብዙ ሰው ተገደለ። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥርና ከሌላ ወገን የወጣው ዛሬም አይገናኝም። ቁጥሩ የሚታረቀው በቦታው በነበሩ ሰዎች ቃል ነው፤ እነሱ ግን ወደ አደባባይ የደረሱት «የዓይን እማኞች እንደተናገሩት» በሚል ሐረግ ተጠቅልለው ነው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ከተማዋ ዳግም በታወከች ጊዜም ሐረጉ ያው ነበር።

ስም መደበቁን አልቃወምም። ጎረቤቱ ላይ የመሰከረ ሰው ማታ የሚያድረው እዚያው ጎረቤቱ አጠገብ ነውና። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ማንነትን መሰወር ይፈቅዳል። ልዩነቱ ሕጉ የሚሰውረው ምስክር መዝገብ ያለው መሆኑ ነው፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ፣ መልሶ ሊጠይቀው የሚችል አካል አለ። የዜናው እማኝ ይህ የለውም። ለማን እንደተናገረ፣ ቆሞ ያየው ከየት እንደሆነ፣ በዓይኑ ያየው የትኛው፣ ከሌላ የሰማው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የቋንቋችን ግሥ በግድ የሚያስጠይቀውን «ለማን? በማን ላይ?» ሐረጉ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የራሱን እማኝ ይጠቅሳል፣ የሌላውን ሐሰት ይላል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር ሰው አይኖርም።

በቴፒ ሌላም ችግር ይጨመራል፤ የጽሕፈት ቤቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሸኮኛ፣ ሸክኖኖ ወይም መዠንግርኛ የሚናገር ሰው ያየውን ሲናገር ቃሉ መዝገብ ላይ የሚወርደው በአስተርጓሚ አፍ ነው። «አየሁ» እና «ሲሉ ሰማሁ» በአስተርጓሚ አፍ ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ሰው የሚፈታውም የሚታሰረውም በዚህች ልዩነት ነው።

የመጋቢት 1994ን ነገር በዓይናቸው ያዩ፣ በወቅቱ ጎልማሳ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ እዚያው ቴፒ ነው፤ ቋንቋዎቹን የሚናገሩ ተማሪዎችም አሉት። የሽማግሌዎቹን ቃል በገዛ ቋንቋቸው በድምፅ ቀርጾ፣ ስማቸውን ለተወሰነ ዘመን አሽጎ፣ የአማርኛውን ትርጉም ከቅጂው ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ በሌሎች አገሮች ከጅምላ ግድያ በኋላ የተሠራበት መንገድ ነው። መጀመር ያለበትም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ነው።